የሌሊት ሰማይን በፊልም ማንሳት፦ በደጋው ኢትዮጵያ ወቅትንና የሰማይ ጥራትን አስቦ ማቀድ

በፊልም ካሜራ የሌሊት ሰማይን የሚያነሳ ሰው በአንድ ሌሊት ከሦስት እስከ ስድስት ፍሬም ቢያገኝ ነው፤ አንዱ ፍሬም ብቻውን አንድ ሰዓት፣ ሲረዝምም ሁለት ሰዓት ይወስዳልና። የሠራውን የሚያየው ደግሞ ፊልሙ ታጥቦ ሲደርቅ፣ ምናልባትም ከሳምንታት በኋላ ነው። በመሃል ስስ ደመና ቢያልፍ፣ ጨረቃ ቀድማ ብትወጣ ወይም አቧራ ሰማዩን ቢሸፍነው በስክሪን አይቶ የሚያስተካክልበት ዕድል የለውም። ስለዚህ የሥራው ትልቁ ክፍል ካሜራው ከቦርሳ ሳይወጣ፣ ቤት ተቀምጦ በሚደረግ ዕቅድ ያልቃል። እዚህ የማቀርበው ዕቅድ ከሰፊው ወደ ጠባቡ የሚሄድ ነው፤ መጀመሪያ ወቅቱ፣ ቀጥሎ የጨረቃ ዕድሜ፣ ከዚያ የዕለቱ የሰማይ ጥራት ይታያሉ፤ ፊልሙና የሻተሩ፣ ማለትም ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባው መዝጊያ፣ ክፍት የሚቆይበት ሰዓት በመጨረሻ ይመጣሉ። ብዙዎች ግን በተቃራኒው ከፊልሙ ይጀምራሉ።

ወቅቱ

በአውሮፓና በአሜሪካ የተጻፉ አብዛኞቹ መመሪያዎች የፍኖተ ሐሊብን ደማቅ ማዕከል ለማንሳት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያሉትን ወራት ይመክራሉ። ማዕከሉ በቀውስና በዓቅራብ ከዋክብት አቅጣጫ ስለሚገኝ በሰኔ አጋማሽ እኩለ ሌሊት ላይ ከፍተኛ ቦታውን ይይዛል፤ ምክሩ ለእነርሱ ትክክል ነው። የአገራችን አቀማመጥ ለዚህ ሥራ ከእነርሱ ይልቅ የተመቸ ሆኖ ሳለ ወሩ ግን አይመቸንም። ማዕከሉ ለንደን ላይ ከአድማስ 10 ዲግሪ እንኳ በቅጡ አይነሳም፤ አዲስ አበባ ላይ 52፣ ሰሜን ተራሮች ላይ 48፣ ባሌ ሳነቴ ላይ ደግሞ 54 ዲግሪ ያህል ይወጣል። ይሁንና ከፍ ብሎ በሚታይባቸው በእነዚያው ሌሊቶች ደጋው በክረምት ደመና ተሸፍኖ ያድራል። ከውጭ መጽሔት የተገለበጠ የጊዜ ሰሌዳ ይዞ በሐምሌ ወደ ጓሳ የሚወጣ ሰው የሚያገኘው ዝናብና ጉም ነው።

ለእኛ የሚቀሩት ከክረምቱ በፊትና በኋላ ያሉ ሁለት በሮች ናቸው። የመጀመሪያው የምሽት በር ሲሆን ከመስቀል በዓል እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ክፍት ነው። በመስቀል ሰሞን ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ሲጨልም ማዕከሉ በደቡብ ምዕራብ 45 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ የሚጠልቀውም ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጥቅምት 10 አካባቢ ሲጨልም የሚገኘው 30 ዲግሪ ላይ ነው፤ 4 ሰዓት ሳይሞላም ይጠልቃል። ኅዳር ሲገባ ወደ 15 ዲግሪ ስለሚወርድ የአድማሱ ብናኝ ይውጠዋል። ምርጫው ለእኔ ቢተው ከዓመቱ ወራት ሁሉ ጥቅምትን አስቀድማለሁ፤ የክረምቱ ዝናብ አየሩን አጥቦታል፣ መሬቱ ገና እርጥብና አረንጓዴ ስለሆነ አቧራ አያነሳም፣ ጭስ የሚያወጣው የእርሻ ቃጠሎም አልተጀመረም። የምሽቱ ሥራ ስለማይዘገይም ቀሪውን ሌሊት ለሌላ ፍሬም መስጠት ይቻላል።

ሁለተኛው የንጋት በር ነው። የካቲት ሲገባ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ማዕከሉ በደቡብ ምሥራቅ 20 ዲግሪ ያህል ወጥቶ ይታያል፤ በመጋቢት መጀመሪያ በዚያው ሰዓት 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ በግንቦት መጀመሪያ ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከፍተኛ ቦታውን ይይዛል። ይህ በር ከጥቅምቱ ይልቅ ሰፊ ቢመስልም አስቸጋሪ ነው። የበልግ ዝናብ የሚያገኛቸው የሸዋና የወሎ ደጋዎች፣ ባሌም ጭምር፣ ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ ደመና ይበዛባቸዋል፤ በልግ የማይዘንብበት ሰሜን ምዕራብ ደግሞ ደረቅ ቢሆንም በአቧራና በጭስ ይነጣል። ስለዚህ ከንጋቱ በር የሚመረጡት የካቲትና የመጋቢት መጀመሪያ ናቸው። ከዚያ በኋላ ለሚወጣ ሰው የሚያዋጣው ዝናብ የጣለበትን ቀን መጠበቅ ነው፤ ጥሩ የበልግ ዝናብ ጥሎ ሰማዩ በተከፈተ ማግስት ያለው ሌሊት ከጥቅምት ሌሊት አያንስም።

በሁለቱ በሮች መካከል ያሉት ከኅዳር እስከ ጥር የሚዘልቁ ወራት ደመና የሌለባቸው ናቸው፤ ማዕከሉ ግን የለም። የኦሪዮንና የሰባቱ ከዋክብት ጊዜ ይኸው ነው፤ በታኅሣሥ መጀመሪያ እኩለ ሌሊት ላይ ኦሪዮን አናት ላይ ስለሚቆም ብርሃኑ የሚያልፈው በቀጭኑ የአየር ክፍል በኩል ነው። ረጅም የከዋክብት ዱካ፣ ማለትም በፊልሙ ላይ ከዋክብቱ መስመር እየሠሩ የሚያልፉበትን ምስል፣ ለማንሳትም ከእነዚህ ወራት የተሻለ አይገኝም፤ ለሁለት ሰዓት ሻተሩን ከፍቶ ደመና እንዳይመጣ መተማመን የሚቻለው ያኔ ነው። ታኅሣሥ 4 እና 5 ገደማ የጄሚኒድ የተወርዋሪ ከዋክብት ውርጅብኝ ጫፍ ላይ ስለሚደርስ በዚያ ሌሊት የተከፈተ ሻተር ተጨማሪ ዕድል አለው፤ ፊልም የሚይዘው ግን በጣም ደማቆቹን ብቻ ነው። ከእነዚህ ወራት አንድ ቀን መዘለል አለበት። ኅዳር 12 በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ሆኖ በየመንደሩ ቆሻሻ የሚቃጠልበት፣ ኅዳር ሲታጠን የሚባለው ቀን ነው፤ በከተማ ዙሪያ ያለው አየር በጭስ የሚሞላበትን ያንን ምሽትና ማግስቱን ለፊልም አለማዋል ይሻላል።

ከምድር ወገብ አጠገብ መሆናችን የሚሰጠን ሌላም ነገር አለ። በሚያዝያ መጀመሪያ እኩለ ሌሊት ላይ ታላቁ ድብ በሰሜን፣ የደቡብ መስቀል ደግሞ በደቡብ በአንድ ጊዜ ከፍ ብለው ይቆማሉ። የደቡብ መስቀል አዲስ አበባ ላይ 20 ዲግሪ ገደማ ስለሚወጣ ከፊቱ ተራራ የሌለበት፣ ወደ ደቡብ የተከፈተ ቦታ ይፈልጋል።

ጨረቃ

ወሩ ከተመረጠ በኋላ የሚወስነው ጨረቃ ነው። ከግማሽ በላይ የሞላች ጨረቃ ባለችበት ፍኖተ ሐሊብን ማንሳት ፊልም ማባከን ነው። የኢትዮጵያ ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን መሆናቸው ለዚህ ሥራ በጣም ይመቻል፤ ጨረቃ ከአዲስ እስከ አዲስ የምትወስደው 29 ቀን ተኩል ያህል ስለሆነ የጨለማው ሌሊት በየወሩ የሚውለው እዚያው ቀን ላይ ወይም አንድ ቀን ቀድሞ ነው። በመስከረም 20 ላይ ጨረቃ ከጠፋች በጥቅምት 19 ወይም 20 ላይ ትጠፋለች፤ ስድስት ወር ቢቆጠር እንኳ ልዩነቱ ከሦስት ቀን ብዙም አያልፍም። ጳጉሜን ሲያልፍ ግን ስሌቱ ስለሚዘል በአዲሱ ዓመት እንደገና መጀመር ያስፈልጋል። ፋሲካም ጥሩ ምልክት ነው፤ የበዓሉ ቀን በጨረቃ ስሌት ስለሚወጣና ስሌቱ ዛሬ ከእውነተኛዋ ጨረቃ ጥቂት ቀናት ወደ ኋላ ስለሚቀር ጨረቃ የምትጠፋው ፋሲካ በዋለ ከሦስት እስከ አሥር ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። የፋሲካን ማግስት ሳምንት ዕረፍት አድርጎ ወደ አገር ቤት የሚወጣ ሰው ለንጋቱ በር የሚሆን ጨለማ ያገኛል።

ጨረቃ ሁልጊዜ ጠላት አይደለችም። በፊልም ላይ የፊት ለፊቱን ምድርና ሰማዩን ለየብቻ አንስቶ ማጣመር ቀላል ስላልሆነ ሁለቱም በአንድ ፍሬም ቢወጡ ይሻላል። አምስት ቀን ያለፋት ጨረቃ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ሻተሩን እርሷ ከመጥለቋ 15 ወይም 20 ደቂቃ በፊት ቢከፍቱት በዝቅተኛ ብርሃኗ ገደሉንና ጅብራውን ካበራች በኋላ ትሄዳለች፣ ቀሪው ሰዓት በጨለማ የከዋክብቱ ይሆናል።

የዕለቱ ሰማይ

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣው የአሥር ቀን ትንበያ ሳምንቱን ለመምረጥ ይረዳል፤ የሳተላይት የደመና ምስሎች ደግሞ የመጨረሻውን ቀን ለመወሰን ያገለግላሉ። እነዚህ ግን ስለ ደመና እንጂ ስለ አየሩ ጥራት ብዙም አይናገሩም። ጥራቱን በዓይን መፈተን ይቻላል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይን በመዳፍ ጋርደው ዙሪያዋን ይመልከቱ፤ ሰማዩ እስከ መዳፍዎ ጠርዝ ድረስ ሰማያዊ ከሆነ አየሩ ንጹሕ ነው፣ በመዳፉ ዙሪያ ነጭ ሰፊ ክብ ከታየ ግን አቧራ ወይም ስስ ደመና አለ። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ አድማሱን ሳትነካ ብርቱካናማ ሆና ደብዝዛ ከጠፋች የዚያን ሌሊት ለዝቅተኛ ከዋክብት፣ በተለይም ለደቡብ መስቀል፣ ፊልም አያባክኑ። በዚያ ሁኔታ ካሜራውን ወደ አናት ማዞር ይሻላል።

ከፍታ ከሁሉ በላይ ይጠቅማል። ሳነቴ አምባ ላይ፣ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የቆመ ሰው ከከባቢ አየሩ ወደ 40 በመቶ የሚሆነውን ከአቧራው ጭምር ከእግሩ በታች ትቶታል። መንዝ ጓሳ ለአዲስ አበባ ነዋሪ የሚቀርብ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ነገር ግን በምሥራቅ በኩል ቁልቁል ወደ ቆላው ስለሚወርድ ከዚያ የሚነሳው ጉም በደቂቃዎች ውስጥ ሜዳውን ሊሸፍነው ይችላል፤ ስለዚህ ከገደሉ ጠርዝ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መትከል ይመረጣል። እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉት ኦብዘርቫቶሪ ቢኖርም የአዲስ አበባ መብራት ከሥሩ ስለሆነ ለሰፊ ሌንስና ለረጅም ኤክስፖዠር ቦታው አይመከርም።

የትም ቢሆን ከመሄድ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ ማጣራት፣ ለቀበሌውና በአቅራቢያ ላሉ ቤቶች ማሳወቅ ግድ ነው። በሌሊት ሜዳ ላይ ትራይፖድ ተክሎ የሚቀመጥ እንግዳ ሰው ጥርጣሬ ቢያስነሳ አይፈረድም። ሰሜን ተራሮችን በመሰለ ፓርክ ውስጥ ስካውት አብሮ ስለሚወጣ፣ የባትሪ መብራቱን ወደ ሌንሱ እንዳያዞር አስቀድሞ ማስረዳት ያሻል። ጅብ ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሲያይ ይሸሻል፣ ግን ትራይፖዱን ትቶ መተኛት አይገባም።

አቅጣጫ

በከፍተኛ ኬክሮስ የሚኖሩ ሰዎች የሚያነሱት የተሟላ የከዋክብት ክብ እኛ ዘንድ በዚያ መልክ አይገኝም። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ የሚነሳው ቦታው የሚገኝበትን ኬክሮስ ያህል ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ 9፣ ሰሜን ተራሮች ላይ 13 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ሰሜን ሲነሳ የሚገኘው ከምድሩ ተነስቶ ተመልሶ ወደ ምድሩ የሚገባ ግማሽ ክብ ነው፤ ይህም ጉድለት ሳይሆን ጥቅም ሊሆን ይችላል፣ የክቡ መሃል ዝቅ ያለ በመሆኑ አንድ ዛፍ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት በትክክል መሃሉ ላይ ሊቆም ይችላልና። ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ሲነሳ ዱካዎቹ ቀጥ ብለው ወደ ላይ የሚወጡ መስመሮች ይሆናሉ፤ ወደ ደቡብ ደግሞ ዋልታው ከአድማስ በታች ስለሆነ የቀስተ ደመና ቅርጽ ያላቸው ቅስቶች ይወጣሉ።

ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ይዞራል። በ24 ሚሊሜትር ሌንስ የአንድ ሰዓት ዱካ በፊልሙ ላይ 6 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፤ ለ35 ሚሊሜትር ፊልም ይህ በቂ ርዝመት ነው። ከዋክብቱ ነጥብ ሆነው እንዲቀሩ ከተፈለገ ግን በዚሁ ሌንስ ከ20 ሴኮንድ በላይ መክፈት አይቻልም፤ በዚህ አጭር ጊዜ ደግሞ ፊልም የሚይዘው ጥቂት ነው። ለነጥብ ከዋክብት የምድርን መሽከርከር ተከትሎ ካሜራውን የሚያዞር ትራከር ያስፈልጋል። መሣሪያው ሲገዛ ከ10 ዲግሪ በታች ዝቅ ሊል የሚችል መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል፤ ብዙዎቹ የተሠሩት ለሰሜኑ ኬክሮስ ነውና።

ፊልምና ሰዓት

ፊልም ለደካማ ብርሃን ረጅም ጊዜ ሲጋለጥ የመቀበል አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ባለሙያዎች ሬሲፕሮሲቲ ፌይለር ይሉታል። ልዩነቱ ከፊልም ፊልም በጣም ይሰፋል። ኢልፎርድ ኤችፒ5 ለሚባለው ጥቁርና ነጭ ፊልሙ በሰጠው ስሌት፣ ማለትም የሚለካውን ሴኮንድ ወደ 1.31 ኃይል በማንሳት፣ አንድ ደቂቃ ሦስት ደቂቃ ተኩል ይሆናል፣ 10 ደቂቃ ደግሞ 73 ደቂቃ ያህል። ኮዳክ ለራሱ ጥቁርና ነጭ ፊልም ለትራይ-ኤክስ የሚያዝዘው ከዚህም ይብሳል፤ 100 ሴኮንድ 1,200 ሴኮንድ ይሆናል። ፉጂ ኒዮፓን አክሮስ 2 ግን እስከ ሁለት ደቂቃ ምንም ጭማሪ አይፈልግም፣ ለ10 ደቂቃም ግማሽ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው) ማለትም 14 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ በትራከር ጥቁርና ነጭ ለሚያነሳ ሰው ምርጫው አክሮስ ነው፤ አንድ ጉድለቱ ጥልቁን ቀይ አለማየቱ ሲሆን የሃይድሮጂን ደመናዎች የሚያበሩበትን 656 ናኖሜትር አይዝም። ለቀለም በ2018 እ.ኤ.አ. ተመልሶ ገበያ ላይ የዋለው ኮዳክ ኤክታክሮም ኢ100 ወይም ፖርትራ 400 ይሆናል። በትራከር በኤፍ 2.8 (ኤፍ የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት ይገልጻል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) አይኤስኦ 400 (አይኤስኦ የፊልሙ ፍጥነት፣ ማለትም ብርሃን የመቀበል አቅሙ ነው) ፊልም ሲነሳ 10፣ 20 እና 40 ደቂቃ የሆኑ ሦስት ፍሬሞችን አንስቶ የራስን ሰማይ መፈተን ከማንኛውም ሠንጠረዥ ይበልጣል።

ለከዋክብት ዱካ ግን ሁኔታው የተለየ ነው፤ ብዙ ሰው የሚስተውም እዚህ ነው። ኮከቡ በፊልሙ ላይ እየተጓዘ ስለሚያልፍ አንድን ነጥብ የሚያበራው ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ነው። በመሆኑም የዱካው ድምቀት በአፐርቸሩ፣ ማለትም በሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ እና በፊልሙ ፍጥነት ይወሰናል እንጂ ሻተሩ አንድ ሰዓት ወይም ሦስት ሰዓት መከፈቱ አይለውጠውም፤ ጊዜው የሚያረዝመው ዱካውን፣ የሚያደምቀውም የሰማዩን መደብ ነው። የፊልሙ አቅም መቀነስም የሚጎዳው ሳይንቀሳቀስ የሚቆየውን መደብና ምድሩን እንጂ ዱካውን ብዙም አይደለም፤ ስለዚህ ለትራከር የማይመረጠው ኤችፒ5 ለዱካ ጨለማ ሰማይና ደማቅ መስመር ይሰጣል። ብዙ ዱካ የፈለገ ሰው ሰዓቱን ከማርዘም ይልቅ አፐርቸሩን ይክፈት። በንጹሕ የጥቅምት ሰማይ በአይኤስኦ 100 ፊልም በኤፍ 4 ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት፣ በኤፍ 2.8 ደግሞ 45 ደቂቃ ያህል ጥሩ መነሻ ነው። አቧራ ወይም የከተማ ብርሃን ባለበት ጊዜውን በግማሽ መቀነስ ይገባል።

ሜዳ ላይ

ካሜራው ሻተሩን ያለ ባትሪ ከፍቶ የሚያቆይ መሆን አለበት። ኒኮን ኤፍኤም2፣ ፔንታክስ ኬ1000፣ ኦሊምፐስ ኦኤም-1 እና አሮጌዎቹ ዜኒቶች ሻተሩ እንደተከፈተ በሚቆይበት በቢ ላይ ሆነው ባትሪ አይፈልጉም፤ እንደ ካኖን ኤኢ-1 ያሉት ግን ሻተሩ ክፍት በሆነ ቁጥር ባትሪያቸው ያልቃል፣ ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ ፈጥኖ። ካሜራውን ሳይነኩ ሻተሩን የሚከፍት፣ የሚቆለፍ ኬብል ሪሊዝ ያስፈልጋል። ፎከሱን ገና በቀን ብርሃን ሩቅ ተራራ ላይ አስተካክሎ ቀለበቱን በፕላስተር መለጠፍ በጨለማ ከመታገል ያድናል።

ፊልሙን ካሽከረከሩ በኋላ ሻተሩን ወዲያው አይክፈቱ። ፊልም ከጥቅሉ ሲወጣ እርጥበት ስለሚስብ በፍሬሙ መሃል ቀስ ብሎ ሊያብጥ ይችላል፤ አሥር ደቂቃ ቢሰጡት ይረጋጋል። በታኅሣሥና በጥር ደረቅ ብርድ ደግሞ ፊልሙን በፍጥነት መሳብ ኤሌክትሪክ ስለሚፈጥር ቅርንጫፍ የሚመስሉ ነጭ ብልጭታዎች በምስሉ ላይ ይቀራሉ፤ ማንሻውን በዝግታ ማሽከርከር ይበቃል። በመስከረምና በጥቅምት የሚያስቸግረው ጤዛ ነው፤ ሌንሱን በካልሲ ጠቅልሎ በውስጡ የእጅ ማሞቂያ ከረጢት ማስገባት፣ በየሃያ ደቂቃውም መስታወቱን ከጎን በቀይ መብራት ማየት ይገባል። አውሮፕላን ሲመጣ፣ ከቦሌ በሚነሱት መስመር ሥር ከሆኑ ይህ ብዙ ጊዜ ይሆናል፣ ጥቁር ካርቶን በሌንሱ ፊት ሳይነኩ ይያዙ፤ ለአሥር ሴኮንድ የተጋረደ ዱካ ላይ የሚቀረው ክፍተት በህትመት እንኳ አይታይም። ለመኪና መብራትም ያው ነው፤ ኩርባ ላይ የሚታጠፍ አንድ አይሱዙ የሁለት ሰዓት ሥራ ስለሚያበላሽ ከአስፋልት መራቅ ይሻላል።

ፊልም አብዛኛውን ጊዜ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በሚመጣ ሰው እጅ ስለሚደርሰን መልእክቱን ሲሰጡ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይዞ እንዲመጣ፣ በአዲሶቹ የሲቲ ስካን ማሽኖችም እንዳያልፍ በእጅ እንዲፈተሽለት መጠየቅ እንዳለበት ይንገሩት፤ አይኤስኦ 800 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ፈጥነው ይጎዳሉ። እያንዳንዱን ጥቅል ሲጀምሩ የመጀመሪያውን ፍሬም በቀን ብርሃን ተራ ፎቶ ያንሱበት። የሌሊት ፍሬም ዳር ጨለማ ስለሆነ የሚያጥበው ሰው መጀመሪያውን አያገኘውም፣ መሃሉን ሊቆርጠውም ይችላል፤ በፖስታው ላይ «አይቆረጥ» ብሎ መጻፍም ከዚህ ጋር አብሮ ይሄዳል።